ዕፁም ልኩም ይታወቅ



ታኅሣሥ 29 ቀን ማለዳ በላሊበላ፣ በቤተ ማርያም ቅጽር፣ ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ በማሜ ጋራ፣ ግማሾቹ ከታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ለማየትና በረከት ለመቀበል ምእመናን ቀናት የሚፈጅ የእግር መንገድ ይጓዛሉ። የእነዚህ መንገደኞች ስንቅ ቢታይ፣ ከዳቦ ቆሎውና ከበሶው ጎን በጨርቅ ጫፍ የተቋጠረ አንድ ነገር አይታጣም። ጥቂት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቁራጭ ዝንጅብል፣ የደረቀ የጤና አዳም ፍሬ። ሆድ ቢነፋ፣ ብርድ ቢመታ፣ ራስ ቢወጋ ተብሎ ከቤት ሲወጣ በእናት እጅ የተቋጠረ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል ሥራ ላይ ሲውል ይህን ይመስላል።

ከላሊበላ በስተ ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ተዳፋት ላይ የምትገኘው ገነተ ማርያም፣ ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን (1262—1277 ዓ.ም.) ጋር ስሟ የሚነሣ፣ ከአንድ ወጥ ዓለት ተፈልፍላ የታነጸች ቤተ ክርስቲያን ናት። የስሟ ትርጓሜ የማርያም ገነት፣ የማርያም የአትክልት ሥፍራ ማለት ነው። ከደጇ ተነሥቶ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ዓይኑን የሚያነሣ ሰው፣ ስያሜው ከዙሪያዋ ሀገር ጋር እንዴት እንደሚስማማ ይረዳል። በየጓሮው ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴና ፌጦ፤ ከፍ ሲል ኮሶና ወይራ፤ ከዚያም በላይ በውርጩ ሀገር፣ ከአስታውና ከጅባራው መካከል፣ ምድሩን ተለጥፎ የሚበቅለው ጦስኝ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ደገኛው እነዚህን ሁሉ በስማቸው ያውቃቸዋል፤ ለየትኛው ሕመም የትኛው እንደሚበጅም ከአያት ከቅድመ አያቱ ወርሷል።

ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕፅዋቱን ማወደስ ብቻ አይደለም። ዕፁን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ልኩን፣ ጊዜውንና የችሎታውን ወሰን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ልክ ነው። ጾም ተፈትቶ ማዕድ በሚበዛበት በዚህ ሰሞን ጉዳዩ የእያንዳንዱን ቤት ደጅ ያንኳኳል።

የጾም ፍቺና የሆድ ነገር

ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ከሥጋና ከቅቤ ተለይቶ የሰነበተ ሆድ፣ በአንድ ጀንበር ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና ጠላ ሲከመርበት መጨነቁ አይቀርም። በላስታም ሆነ በሌላው ሀገር እናቶች በዚህ ጊዜ አስቀድመው እጃቸውን የሚዘረጉት ወደ ጤና አዳም ነው። ቅጠሉ በቡና ስኒ ውስጥ ይነከራል፤ ፍሬው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተወቅጦ ይቀመሳል። ዝንጅብል የማቅለሽለሽ ስሜትን እንደሚያስታግሥ ዛሬ በብዙ ሀገሮች በተደረጉ ጥናቶች የተረጋገጠ ነው። ታጥቦና ተነክሮ ምሬቱ የወጣለት አብሽ፣ እንዲሁም ተልባ፣ ውሃ ሲነካቸው የሚያወጡት ልጋግ መሰል ነገር የተቆጣ ሆድን ያለዝባል።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ጤና አዳም ለሽታና ለጣዕም ያህል በቡና ሲገባ ጉዳት ባይታይበትም፣ በብዛት ተጨምቆ ሲጠጣ ማሕፀንን የሚያኮማትር ባሕርይ ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል። ጭማቂው በቆዳ ላይ ፈስሶ ፀሐይ ሲያገኘውም እንደ እሳት የሚለበልብ ቁስል ያወጣል። ሁለተኛ፣ ጨጓራውን ለረጅም ጊዜ የሚያመው ሰው በባዶ ሆዱ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እየዋጠ «ያቃጥልልኛል» ማለቱ ቁስል ላይ በርበሬ መነስነስ ይሆንበታል። አብዛኛው የጨጓራ ቁስለት መነሻው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ ከታወቀ ዐሠርት ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ለይተው ያገኙት ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በሽታው ተመርምሮ በጥቂት ሳምንታት መድኃኒት የሚድን ሆኖ ሳለ፣ ዓመታት ሙሉ በቅጠል እየደለሉ መኖር አያስፈልግም። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም ያስታወከ ሰውማ ለአንድ ቀንም ቢሆን ቤት ሊውል አይገባውም።

ምች፣ ጉንፋንና ሳል

ደገኛው ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከሙቀት ወደ ብርድ ሲገባ የሚይዘውን ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የከንፈር ቁስል «ምች» ይለዋል። መድኃኒቱ ዳማ ከሴ ነው። ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፤ የተረፈው ገላ ይታሽበታል። በሀገራችን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናትም የዳማ ከሴ ቅጠል ትኩሳትን የማውረድ ባሕርይ እንዳለው አመልክቷል። እናቶቻችን ያለ ምክንያት አልታመኑበትም ማለት ነው።

ነገር ግን ትኩሳትን ማውረድና የትኩሳቱን ምንጭ ማዳን የተለያዩ ናቸው። ከላስታ ደጋ ወደ ተከዜ ቆላ ለእርሻ ወይም ለቀን ሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሲንቀጠቀጥና ሲያተኩሰው፣ ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ሲያጠጣው ሊሰነብት ይችላል። ትኩሳቱ ለሰዓታት በረድ ይላል፤ ወባው ግን በደሙ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። ተስቦና በቅማል የሚተላለፈው ግርሻም እንዲሁ መጀመሪያ ላይ ምች መስለው ይመጣሉ። በመሆኑም ከቆላ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው በዚያው ቀን ደሙን መመርመር፣ ከቆላ ያልወረደውም ትኩሳቱ ከ2 ቀን ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል።

ለጉንፋንና ለሳል የላስታ ሰው የሚተማመነው በጦስኝና በማር ነው። ጦስኝ እንደ ሻይ ይፈላል፤ በውስጡ ያለው ቲሞል የተባለ ቅመም በዓለም ዙሪያ በሳል ሽሮፖችና በአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥ የሚገባ ነው። ማሩማ ከሀገሩ ስም ጋር የተሳሰረ ነው፤ በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበውት ስለ ነበር እናቱ በዚሁ ስም ጠርታዋለች። ማር የሕፃናትን የሌሊት ሳል እንደሚያስታግሥ በጥናት የተደገፈ ሲሆን፣ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጠብታውም ቢሆን መሰጠት የለበትም። ማር አልፎ አልፎ የሚይዘው የአንድ ባክቴሪያ ዘር ባልጠነከረው የሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ አመንጪ ሆኖ፣ ጡንቻውን እስከ ማዛልና ትንፋሹን እስከ ማቋረጥ ሊደርስ ይችላል። አራስ ሕፃን ገና እንደ ተወለደ ማርና ቅቤ ማላሱ በበጎ ልብ የሚደረግ ቢሆንም መቅረት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ በእንፋሎቱ መታጠን የተዘጋ አፍንጫን ይከፍታል፤ ዳሩ ግን ከፈላ ውሃ ድስት አጠገብ ሕፃን ማስጠጋት ጉንፋንን በቃጠሎ መለወጥ ነው። የሚያስል ሕፃን ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስም የጎድን አጥንቱ ሥር እየሠረጎደ ከገባ፣ ያ ጉንፋን ሳይሆን የሳንባ ምች ነውና ሰዓት የሚሰጥ አይደለም። አዋቂ ሰውም ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው አክታውን ማስመርመር ይገባዋል፤ የሳንባ ነቀርሳ በጦስኝ አይድንም፤ በጤና ጣቢያ ግን ያለ ክፍያ ይታከማል።

ሕመሙ በመድኃኒቱ የተጠራው ኮሶ

ከሀገራችን ዕፅዋት ሁሉ የታሪክ ባለጸጋው ኮሶ ነው። ሕመሙ ራሱ በመድኃኒቱ ስም መጠራቱ ዕፁ ምን ያህል እንደ ታመነበት ያሳያል፤ ሰው «ኮሶ አለብኝ» ሲል ትሉን፣ «ኮሶ ጠጣሁ» ሲል ዛፉን ማለቱ ነው። በቀድሞው ዘመን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣት በቤተ መንግሥቱም በገበሬው ቤትም የተለመደ ነበር። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ሀገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ዛፉን በመጽሐፉ ገልጾታል፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመትም የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር።

ኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባው በተለያዩ ዛፎች ላይ የሚበቅል ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ሲሆን፣ ደርቆና ተወቅጦ በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ይጠጣል። ትሉን ሽባ አድርጎ ከአንጀት ግድግዳ ያላቅቀዋል፤ ከሆድ መሻሩ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ሆኖም ርዝመቱ ብዙ ሜትር የሚደርሰው ትል ከነራሱ ካልወጣ፣ የቀረችው ራስ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ታድጋለች። አያቶቻችን ኮሶን በየሁለት ወሩ ለመጠጣት የተገደዱት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የኮሶ ትልቁ ችግር ልኩ ነው። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ የዘንድሮው ከአምናው ኃይሉ ይለያያል፤ በእፍኝ የሚለካ መድኃኒት ደግሞ ለአንዱ ቢያንሰው ለሌላው ይበዛበታል። ከመጠን ያለፈ ኮሶ ብርቱ ማስታወክና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ጽንስ ያስወርዳል፤ የዓይን ብርሃናቸውን ያጡ ሰዎችም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። በዚህም የተነሣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አቅመ ደካማና የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ኮሶ ሊቀምስ አይገባውም። በጤና ጣቢያ የሚታዘዘው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በኪሎና በዕድሜ ተለክቶ የሚሰጥ በመሆኑ ከእንዲህ ዓይነቱ አደጋ ይጠብቃል።

ይልቁንም ለበዓል ሰሞን የሚበጀው የትሉን መንገድ ማወቅ ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ በሣሩ ላይ ይቀራል፤ በሬው ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል፤ ጥሬ ሥጋ የቆረጠ ሰው ደግሞ ከነሕይወቱ ይውጠዋል። እንግዲህ ኮሶ መጠጣት አንዱን ሰው ለጊዜው ያድነዋል፤ ሥጋን አብስሎ መብላትና በመጸዳጃ ቤት መጠቀም ግን ቤተሰቡን ሁሉ ከኮሶ መራራነት ያሳርፋል።

ዕፁ የማይደርስበት

የዕፅ ወሰን ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚታየው በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ነው። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ወደ ባህላዊ ሐኪም ሄዶ ሥር በወተት ተበጥብጦለት ሲጠጣ ይታያል። ነክሶት የነበረው ውሻ ጤነኛ ከነበረ ሰውየው ይተርፋል፤ ለሥሩም ዝና ይሆንለታል። ውሻው በእርግጥ ያበደ ከሆነ ግን የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት በባህላዊውም በዘመናዊውም ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። መዳኛው ከምልክቱ በፊት ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ክትባት ወዳለበት ሥፍራ መገስገስ።

የሕፃናት ተቅማጥም እንዲሁ ነው። ሕፃኑን የሚገድለው ተቅማጡ ራሱ ሳይሆን ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ አንጀት የሚያደርቅ ሥር ማጠጣት የወጣውን አይተካም። ከጤና ኬላ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. እስኪደርስ፣ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ተልጦ የተለካ፣ በጥብጦ በየጊዜው ማጠጣት ሕይወት ያቆያል። የእናት ጡት ግን ከቶ ሊቋረጥ አይገባም።

በሽታውን ሳያውቁ ዕፅ መምረጥ፣ ዕፁንም ሳይለዩ መቁረጥ ሌላው አደጋ ነው። ለጥርስ ሕመም የሚታጠነው አጤ ፋሪስ ወይም አስተናግር የሚባለው ተክል በየመንገዱ ዳር የሚበቅል፣ ፍሬው ሰውን የሚያስቀባጥርና ልብን የሚያዛባ፣ ለሞትም የሚያደርስ መርዝ ነው። ለስኳርና ለደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም «ቅጠል አገኘሁ» ብለው ኪኒናቸውን ማቋረጣቸው ብዙዎችን ለአንጎል ደም መፍሰስና ለኩላሊት ድካም ዳርጓል። አብሽ ስኳርን፣ ነጭ ሽንኩርት የደም ግፊትን በመጠኑ የመቀነስ ባሕርይ አላቸው፤ እንደ ምግብ ቢወሰዱ መልካም ነው፤ በብዛት ከኪኒናው ጋር ሲደመሩ ግን ስኳሩን ወይም ግፊቱን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ስለሚችሉ ለሐኪሙ መንገር ያሻል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ መድኃኒቱንም የደበቀ እንዲሁ ነው።

ሐኪምም ዕፅም ከእርሱ

አንዳንድ ምእመናን ወደ ሐኪም መሄድን እንደ እምነት ጉድለት ሲቆጥሩት ይሰማል። መጽሐፉ ግን እንዲህ አያስተምርም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይናገራል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ባለቀሰና በጸለየ ጊዜ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶት ሳለ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ። ጸሎቱና ዕፁ በአንድ ታማሚ ላይ ሳይጣሉ ተገናኙ። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። በቅርብ ዘመን እንኳ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው፣ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ተጨንቀው ለነበሩ ሕሙማን ታላቅ ዕረፍት ሆኗል።

በሌላ ወገን ደግሞ ዕፅን ሁሉ ኋላ ቀርነት አድርጎ መናቅም ስሕተት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህች አንዲት ትዝብት ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ደግሞ የአሪቲ ዘመድ ከሆነ ተክል የወባ መድኃኒት ፍለጋ ደጋግመው ሞክረው ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ ከ1 ሺህ 600 ዓመታት በፊት የተጻፈ የሀገራቸውን የመድኃኒት መጽሐፍ ገልጠው፣ ዕፁ በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በፈላ እንዳልተዘጋጀ አስተዋሉ። የፈላው ውሃ ፈዋሹን ነገር ያጠፋው ነበር። በዚህ የተገኘው አርቴሚሲኒን ሚሊዮኖችን አድኖ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኖቤል ሽልማት አብቅቷቸዋል። ይህ ማለት ግን አሪቲ አፍልቶ መጠጣት ወባን ያድናል ማለት አይደለም፤ ምስጢሩ እዚያም ልኩና አዘገጃጀቱ ላይ ነበርና።

የእኛም ሊቃውንት በብራና የጻፏቸው መጻሕፍተ መድኃኒት በየገዳማቱና በየደብተራው ቤት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ብዙው ዕውቀት ግን አባት በእርጅናው ለመረጠው አንድ ልጁ በምስጢር የሚያወርሰው በመሆኑ፣ ልጁ ከሀገር ሲወጣ ወይም አባት በድንገት ሲሞት አብሮ ይቀበራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ እ.ኤ.አ. በ1989 የገላሁን አባተን «ዕፀ ደብዳቤ» ማሳተሙ፣ እንዲህ ያለውን ዕውቀት ከመጥፋት ለማዳን ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ ነው።

ገነቱ እንዳይጠፋ

የዕፁ ዕውቀት ሲጠፋ ዕፁም አብሮ ይሳሳል። ኮሶ ለጣውላና ለማገዶ እየተቆረጠ፣ በብዙ የደጋ ቀበሌዎች እንደ ልብ የማይገኝ ሆኗል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከምሳሩ የተረፉት የአብያተ ክርስቲያናት ቅጽሮች ናቸው። በሰሜኑ ደጋ የሚጓዝ ሰው፣ በተራቆተው ኮረብታ መካከል ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው ተሰብስቦ ካየ እዚያ ደብር እንዳለ ሳይጠይቅ ያውቃል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ላስታን ባዳረሰ ጊዜ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈውና ተጎድተው ነበር። መድኃኒት ቤት ባዶ ሲሆን ሰው ወደ ጓሮው መመልከቱ ግድ ነው። ያ ወቅት ሁለት ነገር አስተምሮ አልፏል። ጓሮው ምንኛ ባለውለታ እንደ ሆነ፣ ምጥ ለጸናባትና ሳንባው ለታመመው ግን የጤና ጣቢያን ያህል የሚተካ እንደሌለ።

ስለዚህ በዚህ በዓል፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ፣ በስኒው ውስጥ ያለችውን የጤና አዳም ቅጠል ምክንያት አድርጎ ልጅ አያቱን ይጠይቅ። ምን ተብላ ትጠራለች? ለምን ትበጃለች? ስንት ትበቃለች? ለማንስ አትሰጥም? የአያት መልስ በደብተር ይጻፍ፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ምክር ጋር ይመዛዘን። ክረምት ሲገባ ደግሞ በቅጽሩና በጓሮው ኮሶ ሲተከል፣ ወንዴና ሴቴው እንዳይነጣጠሉ ብዙ ችግኝ በአንድነት ይተከል። የነገዋ ገነተ ማርያም ልጅ የስንቋን ቋጠሮ ስትቋጥር፣ ዕፁን ከነልኩ፣ የጤና ጣቢያውንም መንገድ አብራ እንድታውቅ ነው።